በካኪ ወረቀት የለበድኩት ሸክላ

ሸክላ የሚሰበስቡ ሰዎች ሸክላውን መጀመሪያ አይሰሙትም፤ ያዩታል። ከካርቶኑ ቀስ አድርገው ያወጡና ጠርዙን በመዳፍ፣ መሐሉን በጣት ጫፍ ብቻ ይዘው ወደ መስኮት ይዞራሉ። ብርሃኑ በጥቁሩ ላይ ሲንሸራተት ጭረት ካለ ይታያል። ቀጥለው ካርቶኑን ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ፤ ኬለር፣ ማለት ምድር ቤት ውስጥ የከረመ ከሆነ ይሸታል። መርፌ የሚያሳርፉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ባለቤቴ እንዲህ ሲያደርግ ከአርባ ዓመት በላይ አይቻለሁ። ክንፍ እየገለጠ፣ ደረት እየዳበሰ ዶሮ የሚገዛ ሰው ይመስለኝ ነበር።

እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ብዙ ሸክላ ትቶ ሄዷል። እኔ የምጽፈው ስለ አንዱ ነው።

ሙዚቃው ብሉዝ ነው፤ ያውም ጊታሩ ኤሌክትሪክ ላይ የተሰካው ዓይነት። ባለቤቴ እንዳስረዳኝ፣ ተጫዋቾቹ ከአሜሪካ የጥጥ እርሻ ተነሥተው ወደ ፋብሪካ ከተማ የሄዱ ጥቁሮች ናቸው። ገጠር ሳሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። ከተማ ሲገቡ መጠጥ ቤቱ ጫጫታ፣ መንገዱ ባቡር ሆነና የሚሰማቸው ጠፋ። ስለዚህ ሰኩት። ባለቤቴ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ግሪስሃይም ሰፈር ባለ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራ ስለነበር ይህን ታሪክ ይወደው ነበር። «ሰኩት» በሚልበት ጊዜ ሁሉ እጁን ወደ ግድግዳው ሶኬት ይዘረጋል። ቅኝቱ የትዝታ ዘመድ ነው ብሎም ይከራከረኝ ነበር። እኔ አይመስለኝም። ትዝታ ያለፈውን ይለማመጣል፤ ይሄኛው ማንንም አይለማመጥም።

ሸክላውን የገዛው ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚያራግፍ አሜሪካዊ ወታደር ነው፤ ወንዙ ዳር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ። ያኔ ፍራንክፈርት ውስጥ የአሜሪካ ወታደር የማይታይበት መንገድ አልነበረም። እኛ ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። ዞሰንሃይም በሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት አግኝተን አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር ነበረን። ማጫወቻ የለንም። ማጫወቻ ሳይኖረው ሸክላ ገዝቶ የሚገባ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ወደ ሥራው ሄደ።

እኔ ሸክላውን ሳየው ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። አልተለበደም።

ደሴ በተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ መስከረም ላይ ያልተለበደ ደብተር ይዞ ክፍል መግባት አይቻልም ነበር። ካኪ ወረቀት ያገኘ በካኪ፣ ያላገኘ በጋዜጣ ይለብዳል። የአማርኛ መምህራችን በየዴስኩ እየዞሩ ደብተሮቻችንን ያገላብጡ ነበር። የሳቸው ሕግ አንድ ነው፤ ሙጫ ደብተሩን አይንካ። ወረቀት ከወረቀት ጋር ይጣበቅ፣ ደብተሩ መሐል ገብቶ እንደ እንግዳ ይቀመጥ ይላሉ። ሙጫ የነካው ደብተር ሰኔ ላይ ልባዱ ሲነሣ፣ በሰነፍ እጅ እንደተገፈፈ የበግ ቆዳ ይሆናል ይሉ ነበር። እኔ በለበዳ የሚስተካከለኝ አልነበረም። የሰነፎቹንም የምለብድላቸው እኔ ነበርኩ።

የቤታችን ግድግዳ በዚያ ዘመን እርጥብ ነበር። ከጥቅል የተረፈ ትልቅ ካኪ ወረቀት ነበረኝ፤ ጀርመኖቹ ፓክፓፒር ይሉታል። ዱቄት በትንሽ ድስት አማስዬ ሙጫ ሠራሁ። ካርቶኑን ወረቀቱ ላይ አስተኝቼ ለካሁ፣ አጠፍኩ፣ ከላይና ከታች ወረቀቱን ከወረቀት ጋር አጣበቅኩ። ሸክላው በሚገባበት በኩል ትርፉን ያለ ሙጫ ወደ ውስጥ አጥፌ አስገባሁ። ፊቱ ላይ እንደ ደብተር አራት ማዕዘን ነጭ ወረቀት ለጥፌ የባለቤቴን ስም ከነአባቱ ጻፍኩበት፤ ቢጠፋ እንዲመለስ። ከሥሩ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር አኖርኩ። ከመለበዴ በፊት ካርቶኑ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አይቼው ነበር፤ ግን ልብ ብዬ አላየሁትም። ልቤ የነበረው ማዕዘኑ ላይ ነው።

ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ አገኘው። አነሣው፣ አገላበጠው፣ ጠርዙ ላይ የደረቀውን ሙጫ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ረጅም ጊዜ ያዘው።

«እጅሽ ይባረክ» አለኝ።

እኔም ደስ ያለው መሰለኝና ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

ከዚያ በኋላ የገዛቸውን ሸክላዎች አልለበድኩም። ገና ከበር ሳይገባ ውስጡን በሚያሳይ ስስ ፕላስቲክ እያስገባ ነበር የሚመጣው። እኔ በዚያ ዓመት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሥራ ጀምሬ ቀኑን ሙሉ አንሶላ አጥፍ ነበር። ድካም ሊቀንስልኝ ነው አልኩ በልቤ።

ልጃችን ስታድግ ያንን ሸክላ «ቡኒው» ትለው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አባቷ የትኛውን እናድርግ ሲላት ሁልጊዜ ቡኒውን ትላለች። ዛሬ አርባ ዓመቷን አልፋለች፤ እዚሁ ከተማ፣ ቦናመስ ሰፈር ነው የምትኖረው። በወረቀቱ ሥር ፎቶግራፍ እንዳለ እንኳ አታውቅም ነበር።

ባለቤቴ ዕድሜው ገፋ ሲል አንድ የሸክላ ሰብሳቢዎች ማኅበር ውስጥ ገባ። ግሪስሃይም፣ የድሮ መጋዘን ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይሰበሰባሉ። «ዛሬ ማኅበር አለኝ» ብሎ ሲወጣ የሰማች የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ የየትኛው ታቦት ማኅበር እንደሆነ ጠየቀችኝ። የጊታር ነው አልኳት። እስከ ዛሬ የቀለድኩባት ይመስላታል።

ሲሞት የማኅበሩ ሰዎች ለቅሶ መጡ። ስድስት ጀርመኖች ወንበር ጫፍ ላይ ተደርድረው፣ የቀረበላቸውን ሁሉ እየበሉ፣ መቼ መነሣት እንዳለባቸው የሚነግራቸው አጥተው ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። እኛም በጀርመን ወግ ሰዓት አይተው የሚነሡ መስሎን ዝም አልናቸው። ከመካከላቸው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ ነው። ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ቃሉን እንደ ፌርማታ አንድ በአንድ የሚጠራ ሰው ነው።

ባለፈው መስከረም ይኸው ሰው ደወለልኝ። በየዓመቱ በመጸው አንድ ትልቅ ቀን አላቸው። በዚያ ቀን አንድ አልበም ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ ካርቶኑ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ የሸክላው ባለቤት ተነሥቶ ስለ እሱ ይናገራል። ዘንድሮ በባለቤቴ መታሰቢያ ከሱ መደርደሪያ አንዱን ሊያሰሙ ተስማምተዋል፤ እኔ እንድመርጥ ጠየቀኝ። ቡኒውን አልኩት።

ሰውየው በሰበብ በሰበብ ወደ ነገሩ መጣ። የማኅበሩ ሕግ፣ የሚመረጠው ሸክላ ሁለት ነገሩ መታየት አለበት ይላል፤ ሸክላውም ካርቶኑም። አንድ መዝገብ አላቸው። በአንዱ ረድፍ ሸክላው፣ በሌላው ካርቶኑ እንደ ተማሪ ደረጃ ይሰጣቸዋል። የባለቤቴ ሸክላ ከማኅበሩ ሸክላዎች ሁሉ የላቀውን ደረጃ አግኝቷል። ካርቶኑ ያለበት ረድፍ ግን ባዶ ነው፤ ሰረዝ ተደርጎበታል። ባለቤቴ በየዓመቱ እጁን አውጥቶ ያንን ሸክላ ያቀርብ ነበር፤ በየዓመቱ በሰረዙ ምክንያት ይቀር ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት።

ይህን አላውቅም ነበር። ቤት ሲገባ፣ ማኅበሩ እንዴት ነበር ስለው፣ ደህና ነበር ይለኛል።

ሌላ ሸክላ ለመምረጥ በተያዘልን ቀጠሮ፣ ጀርመኖቹ ቴርሚን በሚሉት፣ ሰውየው ቤቴ መጣ። አንድ የሸክላ ነጋዴም አብሮት ነበር። ነጋዴው የማኅበሩ አባል ነው፤ ደረጃ የሚሰጠው እሱ ነው ተባልኩ። አጭር፣ ዓይኑ የማያርፍ፣ ምላሱ የማይሰንፍ ሰው። ቡኒውን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ሸክላውን ጎትቶ አወጣና ወደ መስኮቱ ዞረ። ለጥቂት ጊዜ ምላሱ አረፈች።

የሚፈልጉት ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የተማርኩት። ይህ አልበም ብዙ ጊዜ እንደገና ታትሟል፤ ዛሬም አዲሱ በየሱቁ አለ። ወጣቶቹ ሳይቀሩ ይገዙታል። ሰብሳቢ የሚያሳድደው ግን የመጀመሪያውን እትም ነው፤ ቅጂው ገና ትኩስ ሳለ የታተመውን። ነጋዴው መሐሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት ቀለሙን አሳየኝ፤ መጨረሻው ላይ በመርፌ የተጫረ የሚመስል ቁጥር አሳየኝ። እውነተኛው ነው አለ። ካርቶኑን አነሣና ራሱን ነቀነቀ።

«ንጉሥ ነው፤ ግን ጆንያ ለብሷል» አለኝ። «ምስኪን ሄር ፓክፓፒር።»

ትራም ነጂው ጉሮሮውን ጠረገ። ነጋዴው ፊቱ ቀላ። ማኅበሩ ውስጥ ባለቤቴን የሚጠሩበት ስም ይህ እንደነበረ ገባኝ፤ የካኪ ወረቀቱ ጌታ ማለታቸው ነው። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር አለ ትራም ነጂው፣ ነገሩን ሊያለዝብ።

ለምን አልከፈተውም አልኩ። ሁለቱ ተያዩ። ትራም ነጂው ነው የመለሰልኝ። እሱም አንድ ቀን ይህንኑ ጠይቆት ነበር። ባለቤቴ ያለውን በራሱ አነጋገር፣ አንድ በአንድ ነገረኝ።

«ባለቤቴ በተጋባን ዓመት በእጇ አጣበቀችው፤ ብከፍተው ይቀደዳል፤ ተቀዶ ታየዋለች። እንዲህ ነበር ያለኝ።»

ሻይ ቀዳሁላቸው። እጄ ሥራ ስትይዝ ይሻለኛል።

«ሙጫ አላስነካሁትም» አልኩ። «ወረቀት ከወረቀት ጋር ነው የተጣበቀው።»

ነጋዴው በትሕትና ፈገግ አለ። እንዲህ ያሉ ነገሮች ብዙ አይቷል። ሰው ከአርባ ዓመት በኋላ የሠራውን ሳይሆን መሥራት የነበረበትን ነው የሚያስታውሰው አለኝ። ሙጫ ይሰርጋል፣ እርጥበት ያጣብቃል፣ ካኪ ወረቀት ራሱ ቀለም ይበላል። በእንፋሎት ሞክረው የከፈቱ ያውቃል፤ ሁሉም አልቅሰዋል። ምክሩ አንድ ነበር፤ እንደተዘጋ ይቆይ። የተዘጋ ካርቶን ቢያንስ በሐሳብ ያማረ ነው።

እሑድ ልጄ መጣች። ነገርኳት። ሸክላውን አገላበጠችና ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ላስ ኤስ፣ ማማ» አለችኝ፤ ተይው ማለቷ ነው። ቀጥላ በአማርኛ፣ «አባዬ ይሄን ሁሉ ዘመን ለአንቺ ብሎ ነው ያልነካው። ከፍተሽው ቢበላሽስ?»

ጥያቄዋ ልክ ነበር። ከተበላሸ፣ የሚወደውን ነገር ገና ሳይሰማው ያበላሸሁበት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ እሱም ይህንን አውቆ ዕድሜውን ሙሉ ሸፍኖልኛል ማለት ነው። ካልከፈትኩት ማንም አያውቅም፤ እኔም ጭምር። ከሆነልኝ ግን ሰረዙ ይነሣል።

እኛ ቤት ማንም ማንንም እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም ነበር። እሱ ሙጫ አስነክተሽው ነበር ወይ ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠይቀኝ፣ አይ እለው ነበር፤ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። ይሉኝታ ያዘው። እኔም አንድ ጊዜ፣ ለምን ሌሎቹን አታስለብደኝም ብለው ኖሮ ይነግረኝ ነበር። እኔንም ይሉኝታ ያዘኝ። ሁለት ይሉኝተኛ ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ አንድ ወረቀት አርባ ዓመት ሊያኖሩ ይችላሉ።

ሰኞ ለትራም ነጂው ደወልኩ። ቡኒውን ይዤ እመጣለሁ፤ እከፍተዋለሁ፤ በእናንተ ፊት ነው የምከፍተው አልኩት። ቤት ከፍቼው ይዤ ብመጣ እንደሚሻል በጨዋ ደንብ ሊነግረኝ ሞከረ። ብቻዬን ከፍቼው ከተበላሸ ማንም አያይም፤ ከዳነም ሌላ ካርቶን ተክታ ነው የሚል አይጠፋም። ባለቤቴ የተሳቀበት እዚያ ነው፤ የሚከፈተውም እዚያ ነው። ይህን ሁሉ አላልኩትም። ቴርሚኑን ብቻ ጠየቅሁት።

የቀረኝ ሳምንት ለሥራ ነበር። እጄ ያኔ የት ጀምሮ የት እንደጨረሰ ማወቅ ነበረብኝ። የለበደ ሰው መጨረሻ ያጠፈውን መጀመሪያ ካልፈታ ወረቀቱ ይታገለዋል። ስለዚህ አዲስ ፓክፓፒር ገዛሁ፤ ባለቤቴ በስህተት የገዛውን አንድ የገና መዝሙር ሸክላ አወጣሁና፣ ሳላስብ፣ ሬድዮ እየሰማሁ ለበድኩት። ስጨርስ አየሁ። የጨረስኩት ከጀርባው፣ ከታች፣ በስተቀኝ ማዕዘን ነው። ፈታሁትና እንደገና ለበድኩት። እዚያው። በሦስተኛው እርግጠኛ ሆንኩ። ራስ ይረሳል፤ አንሶላ ሲያጥፍ የኖረ እጅ ግን መንገዱን አይቀይርም።

ቅዳሜ ልጄ በመኪናዋ ወሰደችኝ። መጋዘኑ ደረጃው ረጅም ነው፤ ባለቤቴ ጉልበቱን እያመመው ይወጣው የነበረው ይህን ነው አልኩ በልቤ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። ግማሾቹ የኔ እኩያ፣ ግማሾቹ የልጅ ልጅ የሚሆኑኝ፤ ካሴት እንኳ ነክተው የማያውቁ ልጆች ሸክላ በብብታቸው ይዘው። ግድግዳው ላይ ያለፉት ዓመታት ምርጥ ሸክላዎች ካርቶኖች ተሰቅለዋል። ቀለማቸው የደበዘዘ፣ መሐላቸው ላይ ሸክላው ክብ አሻራውን የተወባቸው፣ ጠርዛቸው የተላጠ። የጌጥ ያህል የሚታዩት እነዚህ ከሆኑ የኔም ያን ያህል አያስፈራም ብዬ አሰብኩ።

ጠረጴዛ ሰጡኝ። ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ፤ ከቦርሳዬ ቀጭን የቅቤ ቢላ፣ የእንጨት ማስመሪያና ትንሽ መቀስ አወጣሁ። ነጋዴው የውኃ ማፍያ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ለክፉም ለደጉም አለ። አመሰግናለሁ፣ እንፋሎት የሚያነሣው ሙጫውን ብቻ አይደለም አልኩት። አንድ ወጣት ነጩ ወረቀት ላይ ያለው ጌጥ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። የሰው ስም ነው አልኩት።

ሸክላውን አውጥቼ ለትራም ነጂው ሰጠሁት። ካርቶኑን ገለበጥኩት። ከታች፣ በስተቀኝ። ቢላዋን በሁለቱ ወረቀቶች መካከል አስገባሁ። የዱቄት ሙጫ ሲያረጅ እንደ ደረቅ ቅጠል ነው፤ ድምፅ ያሰማል። ቀጭ አለ። የታችኛው እጥፋት ተላቀቀ፤ የላይኛውም ተላቀቀ። በሥራቸው ያለው ካርቶን ቢላዋን አልያዘም። ያንጸባርቅ ነበር።

የቀረው ሸክላው የሚገባበት በኩል ነው። በፊት ለፊት ያለው ትርፍ ሳበኝ ሳይል ወጣ። የጀርባው ግን እስከ ግማሹ መጥቶ ቆመ። ማዕዘኑ ላይ ይዟል። ከሙጫው አንድ ጠብታ ያመለጠችኝ ቦታ ያ ነው።

«ይተዉት» አለ ነጋዴው ዝቅ ባለ ድምፅ። «እስካሁን ያዩት ይበቃል፤ ከጎተቱት ይሄዳል።»

አልጎተትኩም። ልጄ ከኋላዬ ቆማ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ማስመሪያውን አስደግፌ፣ መቀሱን አንሥቼ፣ በያዘችው ቦታ ዙሪያ ወረቀቱን ቆረጥኩ። የጥፍር ያህል ካኪ በማዕዘኑ ላይ ቀረች። የቀረውን ልባድ በሁለት እጄ ይዤ ካርቶኑን አወጣሁት፤ ትራስ ከልብሱ እንደሚወጣ።

ቀይ ነበር። የበሰለ በርበሬ ዓይነት ቀይ። መሐሉ ላይ ጊታር ተጫዋቹ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጊታሩ ጭኑ ላይ፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ። ከጊታሩ ጥቁር ሽቦ ወጥቶ፣ ወለሉ ላይ ተጠማዞ፣ ከፎቶግራፉ ጠርዝ ያልፋል። የሰውየው የጫማ ክር ሳይቀር ይታያል። ከማተሚያ ቤት ትናንት የወጣ ነው የሚመስለው። ያንን ሁሉ ዘመን ብርሃን አላየውም፣ መደርደሪያ አልፋቀውም፣ የሰው እጅ አልነካውም።

ልጄ በጀርመንኛ፣ ቀይ ነው እኮ አለች፤ ለራሷ ነበር። ሰዎቹ ወንበራቸውን እየተዉ ወደ ጠረጴዛው መጡ። ማንም አልተጋፋም። ነጋዴው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አደረገ፣ እንደገና አውልቆ ጠረገ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጎንበስ አለ። እንዲነካው ፈቃድ ጠየቀኝ። በመስኮቱ ብርሃን አየው፣ ጠርዙን አየ፣ አሸተተው። ዱቄት ዱቄት ይላል አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ሁሉም እንዲሰማ ተናገረ።

«ሠላሳ ዓመት ሸክላ ነግጃለሁ። ይህን አልበም ብዙ ጊዜ ይዤዋለሁ፤ ካርቶኑን ግን ዛሬ ነው ያየሁት።» ወደኔ ዞረ። «በዚያ ስም ለጠራሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከእርስዎም፣ ከእሱም።»

ራሴን ነቀነቅሁለት። ደስ አለኝ። ይህን ቃል በቀላሉ አልጽፍም።

በማኅበሩ ልማድ መርፌውን የሚያሳርፈው የሸክላው ባለቤት ነው። ቤት ሁልጊዜ ባለቤቴ ነበር የሚያሳርፈው፤ እኔ ነክቼው አላውቅም። ትራም ነጂው ክንዱን እንዴት እንደሚያነሡት አሳየኝ። አሳረፍኩት። ትንሽ ሹክሹክታ መጣ፤ ከዚያ ጊታሩ ገባ።

ያንን ሸክላ ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም፤ ሳህን እያጠብኩ፣ ልብስ እየተኮስኩ፣ ልጄን እያበጠርኩ። ቁጭ ብዬ ሰምቼው ግን አላውቅም ነበር። በእነዚያ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ስሰማው ሰውየው ወለሉን በእግሩ ሲመታ ተሰማኝ። ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማኝ። አርሞኒካ የሚነፋው ሰው ከመንፋቱ በፊት አየር ሲስብ ተሰማኝ። ሰብሳቢዎቹ የመጀመሪያው እትም ክፍሉን አብሮ ይዞ ይመጣል ይላሉ። ባለቤቴ ይህንን ሲነግረኝ፣ እሺ እለው ነበር። እውነቱን ነበር።

አንደኛው ገጽ ሲያልቅ እንድናገር ተጠየቅሁ። ንግግር አላዘጋጀሁም። በጀርመንኛ፣ ተነሥቼ፣ ያለኝን አልኩ።

«ይህን የገዛው ባለቤቴ ነው፤ የለበድኩት እኔ ነኝ። ሙጫ ያስነካሁት መስሎት ነበር፤ አልጠየቀኝም። ከአንዲት ጠብታ በቀር አላስነካሁትም ነበር፤ አልነገርኩትም። ሌላ የምለው የለኝም። ሁለተኛውን ገጽ እንስማ።»

አላጨበጨቡም። ጀርመኖች ማጨብጨብ ይወዳሉ፤ ያን ቀን ግን አንድ ሽማግሌ ቆመ፣ ቀጥሎ ሌላው ቆመ፣ ሁሉም ቆሙ። ሸክላውን ገልብጬ መርፌውን እስካሳርፍ ድረስ ቆመው ቆዩ።

ሲያልቅ ነጋዴው ቀስ ብሎ ከጎኔ መጣ። ልጠይቅዎት ሲለኝ አይሸጥም አልኩት። አውቃለሁ፣ ግን ካልጠየቅሁ ዛሬ እንቅልፍ አልተኛም አለ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ሊጠይቀኝ የፈለገው ሌላም ነበር። ቤቱ ያሉትን አንዳንዶቹን ብለብድለት ደስ ይለው ነበር። ሙጫውን በምን እንደምሠራ ነገርኩት። መልበዱን ራሱ ይማር።

ትራም ነጂው መዝገቡን ይዞ መጣ። የባለቤቴ ስም ያለበትን መስመር አገኘ። በሰረዙ ላይ አዲስ ወረቀት አልለጠፈም፤ ሰረዙን በብዕሩ ሰርዞ ከጎኑ ጻፈ፤ ከሸክላው ጋር አንድ ዓይነት ደረጃ፤ ከሁሉ የላቀውን። ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ልጄ ስልኳን አውጥታ መስመሩን ፎቶ አነሣችው።

የባለንብረቱን ስም ወደ እኔ ልቀይረው ወይ አለኝ። የሱ ይቆይ አልኩት። መጨረሻ ላይ የማስታወሻ ረድፍ አለ። የካርቶኑ ጉድለት ካለ እዚያ መመዝገብ አለበት፤ ሕግ ነው፣ ለማንም አይታለፍም። ስለ ማዕዘኗ ምን ልጻፍ ብሎ ብዕሩን ይዞ ጠበቀኝ።

«በስተጀርባ፣ በማዕዘኑ፣ የጥፍር ያህል ካኪ ወረቀት አለ» አልኩት። «እንዳትነካ።»

እንደነገርኩት ጻፈው።